ዜና የሚጽፉ ማሽኖች

እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2014፣ ሰኞ ማለዳ፣ ሎስ አንጀለስ ተንቀጠቀጠች። በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12፡25 ነበር። የሎስ አንጀለስ ታይምሱን ጋዜጠኛና ፕሮግራመር ኬን ሽዌንኬን ንዝረቱ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው። ኮምፒውተሩን ሲከፍት ዜናው ተጽፎ ጠበቀው። ራሱ የሠራው ክዌክቦት የተባለ ፕሮግራም ቦታውን፣ ሰዓቱንና መጠኑን ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ወስዶ አሰናድቶታል። ሽዌንኬ አየት አድርጎ ለቀቀው። ነገሩ በሙሉ ሦስት ደቂቃ ገደማ ፈጀ።

አውቶማቲክ የዜና አጻጻፍ ለዓመታት በዚሁ መልክ ነው የኖረው። ሰው ክፍት ቦታ ያለው ጽሑፍ ያዘጋጃል፣ ማሽኑ ይሞላዋል። ትርፍ ከጨመረ “አደገ”፣ ከቀነሰ “አሽቆለቆለ” ይላል። ስለዚህ የሚያዋጣው ቁጥር የበዛበት ቦታ ነው፤ የኩባንያ ሒሳብ፣ የኳስ ውጤት፣ የምርጫ ቆጠራ። የአሜሪካው የዜና ወኪል አሶሺየትድ ፕሬስ በ2014 ሲጀምረው፣ በየሩብ ዓመቱ የሚያወጣው የኩባንያዎች ትርፍ ዘገባ ከ300 ገደማ ወደ 3,000 ዘለለ። ዋሽንግተን ፖስትም በ2016 የሪዮ ኦሎምፒክን ውጤቶች ሄሊዮግራፍ በተባለ የራሱ ፕሮግራም ዘግቧል። ለእኔ ይህ ጥሩ አጠቃቀም ነው። አሰልቺውን ሥራ ከሪፖርተሩ ላይ ያነሳለታል።

ችግሩ ማሽኑ የሰጡትን አምኖ መቀበሉ ነው። በጁን 2017 ያው ክዌክቦት ሳንታ ባርባራ አካባቢ በመጠን 6.8 የሆነ ርዕደ መሬት መድረሱን ዘገበ። የተባለው ርዕደ መሬት የደረሰው በ1925 ነበር። ባለሙያዎች የድሮውን መዝገብ ሲያስተካክሉ የተሳሳተ መልእክት አመለጠ። መልእክቱ ላይ የተጻፈው ዓመት ደግሞ 2025 ነበር፤ ያኔ ገና ስምንት ዓመት የሚቀረው! ማንኛውም ሪፖርተር ይህን ቢያይ “ቆይ፣ ይሄ ምንድነው?” ብሎ ስልክ ያነሳ ነበር።

አዲሶቹ መሣሪያዎች፣ እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት፣ ክፍት ቦታ አይሞሉም። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመቱ ይጽፋሉ፣ ሲሳሳቱም ጽሑፉ ያምራል። ሲኔት የተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ 77 ጽሑፎችን በማሽን አስጽፎ፣ 41ዱ ላይ እርማት አወጣ። አንዱ ጽሑፍ 10,000 ዶላር በ3 በመቶ ወለድ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,300 ዶላር ያተርፋል ይል ነበር። ትክክለኛው ወለድ 300 ዶላር ነው። ገንዘብ ቆጥቦ ቤተሰቡን ለማስተዳደር የሚያስብ ሰው ይህን አንብቦ ሊወስን ይችላል።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ሌላ ጣጣ አለ። የእንግሊዝኛው ግስ አክብሮት አይለይም፤ እኛ ግን ሚኒስትሩን “ተናገሩ”፣ ወጣቱን ሯጭ “ተናገረ” እንላለን። ዓመተ ምሕረቱም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይለያያል። በጣም የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። በፈረንጆች ሰዓት ጠዋት 7 ላይ የሚጀመር ስብሰባ በእኛ 1 ሰዓት ነው። ማሽኑ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ “7 ሰዓት” ካለ፣ አንባቢው አምኖ በምሳ ሰዓት ይሄዳል። ሲደርስ አዳራሹ ባዶ ነው።