ሺኪኔን ሴንጉ ምንድን ነው?

በጃፓን ሚኤ ግዛት የሚገኘውን የኢሴ መቅደስ የሚጎበኝ ሰው ከዋናው አጥር ጎን አንድ ባዶ ቦታ ያያል። መሬቱ ጠጠር ለብሷል፤ መካከሉ ላይ ብቻ አንዲት ትንሽ የእንጨት ዳስ አለች። ብዙው ሰው አይቶት ያልፋል። እኔ ግን ኢሴ ደርሶ እዚያ ሳይቆም የተመለሰ ሰው ብዙ አመለጠው እላለሁ። እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ መቅደሱ የቆመው እዚያ ላይ ነበር፤ በ2033 ተመልሶ እዚያው ሊቆም ታቅዷል።

ሺኪኔን «የተወሰነ ዓመት»፣ ሴንጉ ደግሞ «መቅደስን ማዛወር» ማለት ነው። በየ20 ዓመቱ አዲስ መቅደስ በጎረቤቱ ቦታ ላይ የቀድሞውን መልክ ይዞ ይሠራል፤ አሮጌው ይፈርሳል። የፀሐይ እንስት አምላክ የአማቴራሱ ምልክት የሆነው መስታወት ወደ አዲሱ ቤት የሚሄደው በሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በነጭ ሐር ተጋርዶ ነው።

ሥርዓቱ በ690 በንግሥት ጂቶ ዘመን ተጀመረ። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን በጦርነት ምክንያት ከ120 ዓመት በላይ ተቋርጧል። የ2013ቱ 62ኛው ነው።

ለምን 20 ዓመት? ምሰሶዎቹ ያለ መሠረት ድንጋይ በቀጥታ መሬት ውስጥ ይተከላሉ፤ ጣሪያው ሣር ነው፤ ዝናብና ምስጥ አይምሩትም። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን የእጅ ሙያው ነገር ነው። በመጀመሪያው ሥራ ላይ እንጨት ሲያቀብል የነበረ ወጣት በሁለተኛው ዋና አናጺ ይሆናል፤ በሦስተኛው ያስተምራል። ከ1,500 በላይ የሚሆኑት ንዋያተ ቅድሳትም፣ ሰይፉም ልብሱም፣ እንደገና ስለሚሠሩ አንጥረኛውና ሸማኔውም ሙያቸውን ያወርሳሉ።

ከፈረሰው ቤት እንጨት የሚጣል የለም። ጣሪያውን ተሸክመው የኖሩት ትልልቅ ምሰሶዎች ተልገው ወደ መቅደሱ በሚያስገባው በኡጂ ድልድይ ጫፍና ጫፍ ቶሪ፣ ማለትም የመቅደስ መግቢያ ደጃፍ፣ ሆነው ይቆማሉ። ከሌላ 20 ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ደጃፍ ይሆናሉ።

ጎብኚው በኢሱዙ ወንዝ እጁን ታጥቦ ደረጃውን ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ፎቶግራፍ ማንሳት ክልክል ነው። ነጭ መጋረጃ ከተሰቀለበት በር ፊት ሁለት ጊዜ ይሰግዳል፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል፣ አንድ ጊዜ ይሰግዳል። ውስጡን አያይም።

ግንባታው የሚፈልገው ሂኖኪ የተባለው የጽድ ወገን ግን ቶሎ አያድግም። ስለዚህ በ1923 የ200 ዓመት የደን ልማት ዕቅድ ወጣ፤ ለ2013ቱ መቅደስ ከዋለው እንጨት ከፊሉ ከዚሁ ከመቅደሱ ደን የተቆረጠ ነው።