«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም»፦ አባባሉ እና የኮምፒውተር ዜሮና አንድ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ለመያዝ ለሚታገል ወይም ከሁለት ባላጋራዎች ጋር እኩል ወዳጅ ሆኖ ለመኖር ለሚያስብ ሰው ነው። ምስሉ የገጠር ምስል ነው፤ ሾላ ለመልቀም የወጣ እረኛ አንድ እግሩን እዚህ ቅርንጫፍ፣ ሌላውን ማዶ ባለው ዛፍ ላይ ቢያሳርፍ ከሁለቱም ሳይለቅም መሀል ላይ ይወድቃል። የአባባሉ ጉልበት ያለው ግን «አለኝ ተብሎ» በሚለው ሐረግ ላይ ይመስለኛል። እግሮቹ ሁለት መሆናቸውን አይክድም፤ የሚክደው ሁለት መሆናቸው በሁለት ቦታ ለመቆም ያበቃል የሚለውን ድምዳሜ ነው። ሁለት እግር የተሰጠው አንዱን ዛፍ አጥብቆ ለመውጣት ነውና።

ይህ አባባል ሳይሸራረፍ የሚከበርበትን ስፍራ ብጠየቅ የምጠቁመው የኮምፒውተርን ውስጥ ነው። በቺፕ ውስጥ ካሉት የሎጂክ ክፍሎች ቀላሉ «ኖት ጌት» የሚባለው ሲሆን ሥራው የተሰጠውን መገልበጥ ብቻ ነው፤ ዜሮ ሲሰጡት አንድ፣ አንድ ሲሰጡት ዜሮ ይመልሳል። ዜሮ ማለት ዝቅ ያለ ቮልቴጅ፣ አንድ ማለት ደግሞ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ነው። የሚሠራውም ልክ እንደ አባባሉ እግሮች ከሁለት ትራንዚስተሮች ነው። ትራንዚስተር በጣት ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። የላይኛው ትራንዚስተር መውጫውን ከኃይል ምንጩ ጋር፣ የታችኛው ደግሞ ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልት መስመሩ) ጋር ያገናኛል፤ ሁለቱንም የሚያዛቸው አንድ መግቢያ ቢሆንም ጠባያቸው ተቃራኒ ስለሆነ የመግቢያው ቮልቴጅ ዝቅ ሲል ከረንት የሚያሳልፈው የላይኛው፣ ከፍ ሲል ደግሞ የታችኛው ነው። ፍራንክ ዋንላስ በ1963 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያቀረበውና ሲሞስ የሚባለው ይህ አሠራር ዛሬ በስልካችንም በኮምፒውተራችንም ውስጥ ያለው ነው።

መግቢያው ከፍ ሳይልም ዝቅ ሳይልም መሀል ላይ ቢቆምስ? ያን ጊዜ ሁለቱም ትራንዚስተሮች በከፊል ያሳልፋሉ፤ ከረንቱ ምንም ቁም ነገር ሳይሠራ ከኃይል ምንጩ በቀጥታ ወደ ግራውንድ ይፈስሳል፣ ቺፑ ይሞቃል፣ መውጫውም ዜሮ ነው ወይም አንድ ነው ለማለት ያስቸግራል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር በዚህ መሀል ማለፉ የግድ ስለሆነ መሐንዲሶች የሚጨነቁት መሻገሪያው በተቻለ መጠን አጭር እንዲሆን ነው።

ከሲሞስ በፊት የተስፋፋው ቲቲኤል የተባለው የቺፕ ቤተሰብ ይህንን ሕግ በቁጥር ጽፎ አስቀምጦታል። በ5 ቮልት የሚሠራው ይህ ቤተሰብ ከ0.8 ቮልት በታች ያለውን ሁሉ ዜሮ፣ ከ2 ቮልት በላይ ያለውን ሁሉ አንድ ብሎ ይቀበላል፤ በሁለቱ መካከል ላለው ግን ምንም ዋስትና አይሰጥም። እኔን የሚያስደንቀኝ ላኪው ከተቀባዩ ይልቅ ጥብቅ መሆኑ ነው፤ አንድ ብሎ የሚልክ ቢያንስ 2.4 ቮልት፣ ዜሮ ብሎ የሚልክ ደግሞ ቢበዛ 0.4 ቮልት ማውጣት አለበት። የቀረችው የ0.4 ቮልት ልዩነት በመንገድ ላይ ለሚገጥም ረብሻ የተተወች ናት፤ መልእክቱ በሽቦው ላይ ትንሽ ቢንገዳገድም የተላከው አንድ አንድ ሆኖ ይደርሳል።

ሎጂኩ ከኤሌክትሪኩ ቀድሞ የተወለደ ነው። ጆርጅ ቡል «እውነት» እና «ሐሰት» እንደ ቁጥር ሊሰሉ እንደሚችሉ ያሳየበትን መጽሐፍ በ1854 አሳተመ፤ ክሎድ ሻነን ደግሞ በ1937 ለማስተርስ ዲግሪው በጻፈው ጥናት ይኸው ስሌት በሪሌይ፣ ማለትም በኤሌክትሮማግኔት በሚከፈቱና በሚዘጉ ማብሪያ ማጥፊያዎች ሊሠራ እንደሚችል አስረዳ። ከዚያ ወዲህ ያለው መደራረብ ነው። አራት ትራንዚስተሮች ሲቀናጁ «ናንድ» የሚባለው፣ ሁለቱም መግቢያዎቹ አንድ ሲሆኑ ብቻ ዜሮ የሚመልሰው ጌት ይሠራል፤ ከእርሱ ብቻ መደመሩንም፣ ማነጻጸሩንም፣ ማስታወሱንም መገንባት ይቻላል።

ሁለት ብቻ መሆኑ ግን የተፈጥሮ ግዴታ አይደለም። በ1958 በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሴቱን የተባለው ኮምፒውተር በሦስት ዋጋዎች ያሰላ ነበር። በ1945 ተሠርቶ ያለቀው የአሜሪካው ኤኒያክም እንደ እኛ በአሥር የሚቆጥር ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱን አኃዝ የሚይዘው በአሥር ፍሊፕ-ፍሎፖች ስለነበር እነዚህ በተናጠል ሲታዩ ከመብራትና ከመጥፋት ሌላ አያውቁም ነበር።

ፍሊፕ-ፍሎፕ አንድን ቢት፣ ማለትም አንዲት ዜሮ ወይም አንድ፣ የሚያስታውስ ክፍል ነው። ዋና አካሉ ፊት ለፊት የተገጠሙ ሁለት ገልባጮች (ኖት ጌቶች) ሲሆን የአንዱ መውጫ የሌላው መግቢያ ስለሆነ የያዙትን አይለቁም። አባባሉ የሚጣሰውም እዚሁ ነው። አንድ ሰው የኪቦርዱን ቁልፍ የሚጫነው የኮምፒውተሩን የሰዓት ምት (ክፍሎቹ እኩል የሚራመዱበትን ምልክት) ጠብቆ አይደለምና ምልክቱ ልክ በምቱ ቅጽበት ከደረሰ ፍሊፕ-ፍሎፑ እንደዚያ እረኛ በሁለት ዛፍ መሀል ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። ቻኒ እና ሞልናር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን በ1973 በልኬት አስደግፈው አሳተሙት። ፈጽሞ ማስቀረት አይቻልም፤ የሚደረገው ከመጀመሪያው ኋላ ሁለተኛ ፍሊፕ-ፍሎፕ ተክሎ የፊተኛው ወደ አንዱ እስኪወድቅ ድረስ አንድ ሙሉ ምት መጠበቅ ነው። ወደየትኛው እንደሚወድቅ ማንም አያዝዘውም፤ ቁልፉ የተጫነው በዚህኛው ምት ነው ቢልም በሚቀጥለው ነው ቢልም የጫነው ሰው ልዩነቱን አያውቀውም።