የእርግዝና ስኳር መመርመሪያው መጠጥ ምንድን ነው? ምትክስ አለው?

መጀመሪያ ስለ ጣዕሙ እናውራ፤ ሁሉም የሚያስታውሰው እሱን ነው። ጋዙ የወጣ ሚሪንዳ አስቡ። ለብ ያለ። በዚያ ላይ ሰው እጁ ሳይሰስት ስኳር የሞጀረበት። አሜሪካ ውስጥ እርግዝናዋን የምትከታተል ሴት ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይህን በትንሽ ጠርሙስ ይሰጧትና “በአምስት ደቂቃ ጨርሺው” ትባላለች። የብርቱካን፣ የሎሚ ወይም የፍራፍሬ ፓንች ጣዕም አለው። አንዷ ምንም ሳይመስላት ጭልጥ ታደርገዋለች። ሌላዋ ግማሹ ላይ ስትደርስ ያቅለሸልሻታል። ያቺኛዋ ቤቷ ገብታ ስልኳን ስታነሳ የምትጠይቀው ይታወቃል፦ “ይሄ ነገር ምትክ የለውም?”

አለው። ግን ምትክ የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ራሱን የቻለ ምርመራ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሌላ ጣፋጭ ነው፣ በቃ። ለመለየት መጠጡ ራሱ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይቀድማል።

በእርግዝና ጊዜ እንግዴ ልጁ ሆርሞኖችን ያመነጫል። እነዚህ ሆርሞኖች የእናቲቱ ሰውነት ለኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት ለሚያስገባው ሆርሞን) ቶሎ እንዳይታዘዝ ያደርጉታል። ክፋት አይደለም፤ ስኳሩ እናቲቱ ደም ውስጥ ትንሽ ቆይቶ ለጽንሱ እንዲተርፍ ነው። ቆሽት ደግሞ ነገሩን ለማመጣጠን ከወትሮው የበለጠ ኢንሱሊን ያመርታል። አብዛኛውን ጊዜ ይሳካለታል። ሲያቅተው ስኳሩ ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ የእርግዝና ስኳር የሚባለው ይህ ነው። ምርመራው እስከ 24ኛው ሳምንት የሚጠበቀውም የሆርሞኖቹ ጫና እየበረታ የሚሄደው በዚያ ሰሞን ስለሆነ ነው።

ችግሩ ሕመሙ አይታወቅም። ውኃ ጥም? ነፍሰ ጡር ሁሉ ይጠማታል። ሽንት ቶሎ ቶሎ? እሱማ የታወቀ ነው። “እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስኳርም አልወድም” ማለትም ዋስትና አይሆንም፤ ቀጭን ሴትም ትያዛለች። ሳይታወቅ ከቀጠለ ግን ልጁ ከመጠን በላይ ሊገዝፍ ይችላል፣ ሲወለድ ትከሻው ሊያዝ ይችላል፣ ከተወለደ በኋላ ስኳሩ ድንገት ሊወርድበት ይችላል። እናቲቱም ለደም ግፊት ትጋለጣለች። ከታወቀ ብዙዎቹ አመጋገብ በማስተካከልና በእግር በመሄድ ብቻ ይወጡታል፤ የተወሰኑት ኢንሱሊን ይጨመርላቸዋል።

ስለዚህ ለቆሽት ፈተና ይሰጠዋል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው 50 ግራም ግሉኮስ ነው። መጠኑ ግማሽ ሊትር ኮካ ኮላ ውስጥ ካለው ስኳር ብዙም አይርቅም። “መርዝ ነው” እያሉ ቪዲዮ የሚለቁት ሰዎች ይህን አይነግሯችሁም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደም ይወሰዳል። ውጤቱ በዴሲሊትር ከ130 ወይም ከ140 ሚሊግራም በላይ ከሆነ (ቁጥሩ እንደ ሐኪም ቤቱ ይለያያል) ሁለተኛ ምርመራ ይከተላል። ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ ሌሊቱን ጾሞ መምጣት፣ 100 ግራም ግሉኮስ መጠጣት፣ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ አራት ጊዜ ደም መስጠት። የመጀመሪያው ወንፊት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። በሱ የተያዙት አብዛኞቹ ሁለተኛውን ያልፋሉ፤ “ስኳር ወጣብኝ” ብሎ ማልቀስ ችኮላ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የ100 ግራሙ መለኪያ መነሻው ቦስተን ነው። ኦሱሊቫንና ማሃን የተባሉ ተመራማሪዎች በ752 ነፍሰ ጡሮች ላይ ያደረጉትን ጥናት በ1964 አሳተሙ። ከዚያ ብዙ ቆይቶ በዘጠኝ አገሮች ከ23,000 በላይ ሴቶችን ያካተተ ትልቅ ጥናት በ2008 ወጣ። ከሱ ደግሞ ለሌላ መንገድ መለኪያ ቁጥር ተገኘ፦ በባዶ ሆድ መጥቶ 75 ግራም አንዴ ጠጥቶ በሁለት ሰዓት መጨረስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 የተቀበለው ይህን ነው። በባዶ ሆድ 92፣ በአንድ ሰዓት 180፣ በሁለት ሰዓት 153፤ የእርግዝና ስኳር አለባት ለመባል ከነዚህ አንዱን ብቻ መድረስ በቂ ነው።

ቁጥሮቹን የደረደርኩት ለማሰልቸት አይደለም። ገበያ ውስጥ ሻጩ የኪሎ ድንጋዩ ጠፍቶበት ከመንገድ ዳር አንድ ድንጋይ አንስቶ ቢመዝንላችሁ ቡናውን ትገዛላችሁ? ድንጋዩ ከባድ ሊሆን ይችላል። ግን ስንት እንደሚመዝን ማንም አያውቅም። 50 ግራም ግሉኮስ የኪሎ ድንጋይ ነው። 140 የሚለው ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ከሱ ጋር ሲሆን ብቻ ነው።

በዚህ ዓይን ጄሊ ቢን የሚባለውን ከረሜላ እንየው፤ አሜሪካ ውስጥ ስሙ በብዛት የሚነሳው እሱ ነው። ወሬ ብቻም አይደለም፣ ጥናት ተሠርቶበታል። በ1999 የታተመ ጥናት 160 ሴቶችን ወስዶ 28 ፍሬ ጄሊ ቢንን ከመጠጡ ጋር አወዳደረ። ሴቶቹ በከረሜላው ያን ያህል አልተቸገሩም። ስኳር ያለባቸውን በመያዝ በኩል ግን ከረሜላው ከመጠጡ ወደ ኋላ ቀረ። ለምን? ከረሜላ የሚሠራው ከተራ ስኳርና ከሌሎች ጣፋጮች ነው። ተራ ስኳር ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። ፍሩክቶስ በቅድሚያ ወደ ጉበት ስለሚሄድ የደም ስኳርን እንደ ግሉኮስ አያንረውም። በዚያ ላይ ፋብሪካው ሲለያይ የፍሬው ክብደትም ቅመማውም ይለያያል፤ የአንዱ 28 ፍሬ የሌላው 28 አይደለም። (አንዳንዱ ጄሊ ቢን ከእንስሳት የሚወጣ ጄላቲን አለበት። ለምትጾምም ለሙስሊም እህትም ማሸጊያውን ማንበብ ይበጃል።)

“ማር በጥብጬ ብጠጣስ?” የምትልም አትጠፋም። ብርዝ ደስ ይላል፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ማር ውስጥ ከግሉኮሱ ፍሩክቶሱ ይበልጣል። የብርቱካን ጭማቂም፣ ሙዝም፣ ቴምርም ነገሩ ያው ነው። አደጋው ሆድ ማሳመሙ አይደለም፤ ውጤቱ “ደህና ነሽ” ብሎ ቤት መስደዱ ነው።

ጥላቻው ለቀለሙና ለማቆያ ኬሚካሉ ከሆነ ግን መፍትሔው ቀላል ነው። ድንጋዩ ግሉኮሱ እንጂ ብርቱካናማው ቀለም አይደለም። ቀለም የሌለበት፣ በውኃ የሚበጠበጥ የግሉኮስ ዱቄት አለ። ግራሙ ትክክል እስከሆነ ድረስ ሥራው ያው ነው። ሕንድ ውስጥ እንዲያውም ዋናው መንገድ ይሄ ነው፦ 75 ግራም ዱቄት በ300 ሚሊሊትር ውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ በባዶ ሆድ መምጣትም ግዴታ አይደለም፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ 140 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተያዘች ማለት ነው። ከሩቅ መንደር ተጉዛ የመጣች ሴት ጾመሽ ነገ ተመለሺ ብትባል እንደማትመለስ አውቀው ያወጡት ነው። እስራኤል ያሉ እህቶቻችን ደግሞ ሎሚ ይዘው ይሄዳሉ። መጠጡ ላይ ጥቂት ጭምቅ ሲደረግበት ማቅለሽለሹን ያስታግሳል። የራሳችሁ ሐኪም ቤት ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። በረዶ አድርጎ ማቀዝቀዝም ይረዳል።

አሁን እውነተኛው አማራጭ ጋ ደረስን፦ ቤት ውስጥ ጣት እየወጉ መለካት። ምንም ጣፋጭ አይጠጣም። ሴትየዋ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት በቀን አራት ጊዜ በትንሿ መሣሪያ ትለካለች፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከዚያ ከየምግቡ በኋላ። ሐኪሙ በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከበላች ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ140 በታች ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ120 በታች መሆኑን ያያል። ለክብደት መቀነስ ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና ለተደረጉ ሴቶች የሚመከረው ይሄ ነው። ያን ሁሉ ስኳር ባንዴ ቢጠጡ ሰውነታቸው ይርበደበዳል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል። መጠጡን በተደጋጋሚ የምታስመልስ ሴትም ይህን ብትጠይቅ ነውር የለውም።

እኔ ይህን መንገድ እወደዋለሁ። የሚለካው የምትበላውን ነውና። ጠርሙሱ ስለ እንጀራ በሽሮ ምንም አይነግርሽም፤ ጣት መውጋቱ ይነግርሻል። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ እነዚህ ቁጥሮች በሽታው ያለባትን ለመቆጣጠር የወጡ ናቸው። “ስንት ጊዜ ካለፈ ታመመች እንላለን?” ለሚለው ሁሉም የተስማማበት መልስ የለም፤ ሐኪሙ በራሱ ሚዛን ይፈርዳል። ሁለተኛው የሰው ጠባይ ነው። በዚያ ሳምንት እንጀራው በድንገት ግማሽ ይሆናል። ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል። ዳቦ ይረሳል። ሳምንቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። እንዲህ ከሆነ ጣት መውጋቱ ራስን ማታለል ነው። የምትለካ ሴት ሁልጊዜ የምትበላውን መብላት አለባት።

በባዶ ሆድ ብቻ ደም መስጠትስ? ኮሮና ሲገባ በ2020 ተሞክሯል። አውስትራሊያ ውስጥ ነፍሰ ጡሮች ሁለት ሰዓት ሙሉ ክሊኒክ እንዳይቀመጡ ሲባል መጀመሪያ በባዶ ሆድ ይለኩ ነበር። ውጤቷ በሊትር ከ4.6 ሚሊሞል ያልበለጠ (83 ሚሊግራም ገደማ) መጠጡ ይቀርላታል፤ 5.1 የደረሰች ተይዛለች ትባላለች፤ መሐል ያለችው ብቻ ትጠጣለች። ለጭንቅ ጊዜ ብልህ መላ ነበር። ጉድለቱ፣ ጠዋት ደህና ሆኖ ከምግብ በኋላ ብቻ የሚወጣውን ስኳር ያሳልፋል።

የሦስት ወር የስኳር አማካይ የሚባለውን የደም ምርመራ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ቀላል ነው፣ ጾምም መጠጥም የለበትም። በእርግዝና መጀመሪያ ላይ፣ ከማርገዟ በፊት ስኳር የነበረባትን ሴት ለማወቅ ይጠቅማል፤ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ነገሩ የእርግዝና ስኳር ሳይሆን የቆየ ነው። በ26ኛው ሳምንት ግን አያስተማምንም። የሚለካው ቀይ የደም ሕዋሳት ላይ የተጣበቀው ስኳር ነው፤ በእርግዝና ደግሞ ሕዋሳቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚተኩ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል። በብረት እጥረት የመጣ የደም ማነስ ደግሞ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። የሽንት ምርመራ ከዚህም የባሰ ነው፤ በእርግዝና ኩላሊት ስኳርን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ጤነኛዋም ሽንት ላይ ይታያል። ክንድ ላይ የሚለጠፈው መለኪያ ገና እየተጠና ነው፤ ለዚህ ምርመራ የጸደቀ የጋራ ቁጥር የለውም።

የጾም ጉዳይ የእኛ ስለሆነ ሳልነካው አላልፍም። የ50 ግራሙ ባዶ ሆድ አይጠይቅም። የ75 እና የ100 ግራሞቹ ግን ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለምትጾም ሴት ይሄ ያስቸግራል። ግሉኮሱ አብዛኛውን ጊዜ ከበቆሎ ስታርች የሚሠራ ስለሆነ የፍስክ ጥያቄ የለውም፤ ጥያቄው ሰዓቱ ነው። “ጾሙ ሲፈታ እሄዳለሁ” ማለት ደግሞ አያዋጣም፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የምርመራው ጊዜ አራት ሳምንት ነው። ለነፍስ አባት ቀድሞ መንገር ይሻላል።

እምቢ ማለትም ይቻላል። እንግሊዝ አገር ሁሉም ነፍሰ ጡር አትመረመርም፤ ከመጠን በላይ የወፈረች፣ ከዚህ በፊት 4.5 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ልጅ የወለደች፣ እናቷ ወይም ወንድሟ ስኳር ያለበት፣ በሽታው ከሚበዛበት ሕዝብ የተወለደች ሴት ትጠራለች። ግን እምቢ የምትል ሴት ለሐኪሟ በግልጽ ትንገረው። በር ላይ ሻይ በስኳር ጠጥታ “ጠጥቻለሁ” የምትል አለች። ወይም ካስመለሳት በኋላ ዝም ብላ ደም የምትሰጥ። ያኔ የሚወጣው ቁጥር የማንም አይደለም። ካስመለሰሽ ተናገሪ፤ በሌላ ቀን ይደገማል ወይም ሌላ መንገድ ይፈለጋል። ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት እንጀራና ዳቦ መተውም አይረዳም፤ ሰውነት ስኳር ማስተናገድ ይረሳና ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የተያዘች ሴት ከጠርሙሱ ጋር ገና አልተለያየችም። ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ስኳሩ ሄዶ እንደሆነ ለማየት 75 ግራሙን ደግማ ትጠጣለች፤ የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት ኋላ ላይ ለዋናው የስኳር በሽታ ይበልጥ የተጋለጠች ናትና። ብዙዎች በአራስነቱ ግርግር ይረሱታል። ሁለት ሰዓት ስለሚፈጅ ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው ይዛ ትሂድ።