ባሕር ዳር በአየር ስንት ሰዓት ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ቤተ ዘመዱን ብጠይቅ አንዱ ግማሽ ሰዓት፣ ሌላው አንድ ሰዓት ይለኛል። አክስቴ ደግሞ «ሁለት ቀን» ትላለች። ሁሉም ምክንያት አላቸው።

«መንገዱ 565 ኪሎ ሜትር ነው፤ አውሮፕላኑም ያንኑ ይበራል።»

565ቱ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ዞሮ የሚደርሰው የመኪና መንገድ ነው። ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ቢለካ 330 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ልዩነቱ የት እንደገባ ለማየት መስኮት አጠገብ መቀመጥ ይበቃል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን አውቶቡሱ ፍሬን እየያዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ያንኑ ያህል እያቃሰተ ይወጣል። ያ ሁሉ የዓባይ በረሃ ከላይ ሲያዩት ቡናማ ስንጥቅ ነው፤ የተሰጣችሁን ውሃ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ከኋላ ይቀራል። ከባሕር ዳር ጎንደርም እንዲሁ ነው፦ መኪናው ጣናን ታክኮ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በአየር 100 ነው።

«ርቀቱን ለፍጥነቱ ካካፈልን የበረራ ሰዓቱን እናገኛለን።»

የግማሽ ሰዓት ባዮቹ ሂሳብ ይህ ነው። ለአገር ውስጥ በረራ የሚውለው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ 330 ለዚያ ሲካፈል ግማሽ ሰዓት ይመጣል። ትኬቱ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይላል። ምክንያቱም የትኬቱ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀ ጀምሮ፣ ደርሶ እስኪቆም ድረስ ነው። እስከ ማኮብኮቢያው መጓዝ አለ፤ ተራ መጠበቅ አለ። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች የተዘረጉት ወደ ምሥራቅና ምዕራብ፣ ባሕር ዳር ያለችው በሰሜን ምዕራብ ስለሆነ ከተነሡ በኋላ መዞርም አለ። ሙሉ ፍጥነት የሚያዘው ከፍታው ላይ ከተደረሰ በኋላ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ቁልቁል ይጀመራል። ስለዚህ በዚህ መስመር ላይ ጄት ቢመደብም የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው።

«ቅርብ ስለሆነ ዝቅ ብሎ ይበራል።»

ይሞክረዋ! ቀጥታው መስመር የሚያልፈው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጮቄ ተራራ ላይ ነው።

«ካረፍን ደረስን።»

ላሊበላ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ መንገዱም ዳገት ነው። በአጭር ጉዞ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚበላው ምድሩ ነው።

«የመድረሻው ሰዓት ላይ የመነሻውን መቀነስ ነው።»

በአገር ውስጥና ወደ ጅቡቲ ያስኬዳል። ወደ ጁባ ግን አያስኬድም፤ ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2021 ሰዓቷን ስለቀየረች ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ሲሄዱ በረራው አንድ ሰዓት ያጠረ፣ ሲመለሱ አንድ ሰዓት የረዘመ ይመስላል።

«ትኬቱ 7:00 ካለ ሰባት ሰዓት ነው።»

ይህ የአክስቴ ነው። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 07:00 ማለት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ የእኛ የቀኑ ሰባት ሰዓት ደግሞ 13:00 ነው። አክስቴ ምሳዋን በልታ፣ ድፎ ዳቦዋን በነጠላ ቋጥራ፣ እንዳይረፍድባት ብላ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ ደረሰች። አውሮፕላኑ ባሕር ዳር ካረፈ ሰዓታት አልፈዋል። በማግስቱ ሌላ ትኬት ተቆርጦላት ሄደች፤ ዳቦው ትንሽ ደርቆ ነበር።