የፋብሪካ ኔትወርክ ስዊች እንዴት ሥራ ይጀምራል?

ስዊች ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ይኼኛው ሌላ ነው። በሲሚንቶ ወይም በስኳር ፋብሪካ ውስጥ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ኮምፒውተሮች ፓምፕና ቫልቭ ከሚያዙት ኮንትሮለሮች ጋር የሚያገናኝ የኔትወርክ ዕቃ ነው። እሱን ገጥሞ፣ አስተካክሎና ፈትኖ ማስረከብ ደግሞ በባለሙያዎቹ አፍ ኮሚሽኒንግ ይባላል።

ዕቃው ከቢሮው ስዊች ይለያል። አቧራ ስለሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ማራገቢያ የለውም። ፓኔል (የኤሌክትሪክ ዕቃ ሳጥን) ውስጥ 35 ሚሊሜትር ስፋት ባለው፣ ዲን ሬይል በሚባል የብረት ሐዲድ ላይ ይሰካል፤ በአብዛኛው በ24 ቮልት ዲሲ ይሠራል። ሁለት የኃይል መግቢያም ይኖረዋል፤ አንዱ ቢጠፋ በሌላው እንዲቀጥል ነው። ሁለቱንም ከአንድ ፓወር ሰፕላይ (ኃይል ሰጪ) ጋር የሚያገናኝ ሰው ግን አይጠፋም። ያ ሰፕላይ የተቃጠለ ቀን ሁለት መግቢያ መኖሩ ምንም አይፈይድም።

ኬብሉም የራሱ ልክ አለው። የመዳብ ኢተርኔት ኬብል ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። ርቀቱ ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ኬብሉ በትልልቅ ሞተሮች አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ፋይበር (መልእክቱን በብርሃን የሚያስተላልፍ ኬብል) ይመረጣል።

ወደ ፓኔሉ ከመሄዱ በፊት ስዊቹ ጠረጴዛ ላይ ይዘጋጃል። ከአምራቹ ይዞት የመጣው የይለፍ ቃል ይቀየራል፣ አይፒ አድራሻ (የኔትወርክ መለያ ቁጥር) ይሰጠዋል፣ ፈርምዌሩ (ውስጡ ያለው ሶፍትዌር) ከሌሎቹ ስዊቾች ጋር አንድ ይደረጋል። ሥራ የሌላቸው ፖርቶች (የኬብል መሰኪያዎች) ይዘጋሉ።

ዋናው ጣጣ ያለው ቀለበቱ ላይ ነው። ስዊቾቹ በክብ ይገናኛሉ፤ አንዱ ኬብል ቢበጠስ መልእክቱ በሌላው በኩል ዞሮ ይደርሳል። ነገር ግን ቀለበቱን የሚጠብቅ ፕሮቶኮል (ስዊቾቹ የሚግባቡበት ደንብ) ከሌለ ያው መልእክት እየዞረና እየተባዛ ኔትወርኩን ያጥለቀልቀዋል። ለዚህ አርኤስቲፒ ወይም ኤምአርፒ የሚባል ፕሮቶኮል ይሠራበታል። በኤምአርፒ አንድ ስዊች አለቃ ይሆንና በሰላሙ ጊዜ አንዱን ፖርቱን ዘግቶ ይይዛል፤ ኬብል ሲበጠስ ይከፍተዋል። 50 ስዊች ባለው ቀለበት ይህ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ እንዲያልቅ ተደርጎ ሊዘጋጅ ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ስዊች ተስተካክሎ ሳያልቅ የመጨረሻው ኬብል አይሰካም። ተቻኩሎ የሰካ ሰው ጎርፉን በገዛ እጁ ጠራው ማለት ነው።

የኔትወርክ መጨናነቅ ምን እንደሚያደርስ አሜሪካ አላባማ ያለው የብራውንስ ፌሪ ኑክሌር ጣቢያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኦገስት 19 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. በ3ኛው ሪአክተር ውኃ የሚያዘዋውሩት ሁለት ፓምፖች ባንዴ ቆሙ። ሠራተኞቹም ሪአክተሩን በእጅ አጠፉት። ሲጣራ የፓምፖቹን ፍጥነት የሚቆጣጠሩት ኮንትሮለሮች በኔትወርኩ ላይ የበዛውን ትራፊክ አልቻሉትም። ፓምፖቹ ምንም አልሆኑም ነበር። የዛሬ ባለሙያ በየፖርቱ የብሮድካስት (ለሁሉም የሚላክ መልእክት) ገደብ የሚያስቀምጠው፣ ኔትወርኩንም በቪላን፣ ማለትም አንዱን ኔትወርክ እንደ ብዙ የተለያዩ ኔትወርኮች በሚያደርግ ቅንብር፣ የሚከፋፍለው እንዲህ ያለውን ለመከላከል ነው።

ታዲያ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ማለቷ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ፋብሪካው ምርት ሳይጀምር ኔትወርኩ ሆን ተብሎ ይበላሻል፦ ኬብል ይነቀላል፣ አንድ ሰፕላይ ይጠፋል፣ አንድ ስዊች ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። በዚያ መሃል ኦፕሬተሩ ስክሪን ላይ ቁጥሮቹ ደርቀው ቀሩ ወይ? ማንቂያውስ መጣ? በእኔ እምነት ከሁሉም የሚዘለለው ይህ ማንቂያ ነው። ቀለበቱ አንዴ ተበጥሶ ማንም ካላወቀ፣ ፋብሪካው ለወራት ያለ መጠባበቂያ ይሠራል። ሁለተኛው ኬብል ሲበጠስ ነው ጉዱ የሚፈላው።

መጨረሻ ላይ ቅንብሩ ይቀመጣል፤ ቅጂውም ከመለዋወጫው ስዊች ጋር ይያዛል። ብዙ ስዊቾች ላይ ቅንብሩ ወዲያው መሥራት ይጀምራል እንጂ ካልተቀመጠ አይቆይም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ስዊቹ ሁሉንም ረስቶ ይነሳል። ለዚህ ነው ከመፈረማቸው በፊት አጥፍተው የሚያበሩት።