«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም»

ኮምቦልቻ፣ አንድ የብየዳ ቤት ደጃፍ። ተለማማጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብረት ይቆርጣል። ባለቤቱ ፍንጣሪውን አይቶ፣ «አንተ ልጅ፣ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አለው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሁለት አለኝ» ብሎ ልጁ ሳቀ። «እስካሁን» አለ ሰውየው።

የአባባሉ ሥዕል የተቀዳው ልጆች ደረቅ አፈር ከሚራጩበት ሜዳ ነው። ሁለት ዓይን ያለው አንዱ ቢጠፋበት በሌላው መንገዱን ያያል፤ አንድ ብቻ የቀረው መጠባበቂያ የለውም። አንድ ልጅ ላላት እናት፣ አንድ በሬ ላለው ገበሬ የሚነገረውም ለዚህ ነው። አባባሉ አፈሩ ዓይን ውስጥ የመግባት ዕድሉ ስንት እንደሆነ አይጠይቅም። የሚያስጨንቀው ከገባ በኋላ የሚተርፈው ነው።

የሚመጣን የኑክሌር ሚሳኤል ሳይደርስ የሚያከሽፍ መከላከያ ምን ያህል አስተማማኝ ይሁን የሚለው ክርክርም እዚሁ ላይ ይወድቃል። ለማስረዳት ከደሴ መራቅ አያስፈልግም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ፤ ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ቢሆንም ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተመላላሽ ነው። በየምልልሱ ከአሥሩ አንዱ ቢወድቅ፣ ውሎ አድሮ የሚመለስ ይጠፋል። ሚሳኤል ግን አንዴ ከሄደ መመለስ የለበትም። ከመቶው ዘጠናው ቢከሽፍ አሥሩ ይደርሳሉ፤ ለአንድ ከተማ ደግሞ አንዱ በቂ ነው።

ታዲያ ዘጠና በመቶ ከንቱ ነው? አይደለም፤ የሚጠበቀው ነገር ይወስነዋል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን እ.ኤ.አ. በ1969 ሴፍጋርድ የተባለውን መከላከያ ያቀዱት በዋናነት ከመሬት በታች የተቀበሩ የአገራቸውን ሚሳኤሎች ለመጠበቅ ነበር። እነዚያ ብዙ ዓይን ናቸው፤ ግማሾቹ ቢተርፉ እንኳ አጸፋ መመለስ ስለሚቻል አጥቂው ያመነታል። ፕሬዚዳንት ሬገን እ.ኤ.አ. በ1983 ሕዝብን ሁሉ የሚጋርድ ጋሻ ሲመኙ ግን አንዷን ዓይን ይዘው አፈሩ ሜዳ ገቡ፤ በእኔ ግምት ያን ያህል ፍጹም መሣሪያ ማንም ሠርቶ አያውቅም።

የሬገን የጦር መሣሪያ ቁጥጥር አማካሪ ፖል ኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1985 ሁለት መስፈርት አስቀመጡ፦ መከላከያው ራሱ ከጥቃት መትረፍ አለበት፤ መከላከያ መጨመርም አጥቂው ሚሳኤል ለመጨመር ከሚያወጣው ባነሰ ወጪ መቻል አለበት። (አፈር የሚበትን ልጅ ለእፍኙ አይከፍልም።) አሜሪካ በአላስካና በካሊፎርኒያ የተከለቻቸው 44 ሚሳኤል ማክሸፊያዎችም የታሰቡት እንደ ሰሜን ኮሪያ ካለ አገር ለሚመጡ ጥቂት ሚሳኤሎች እንጂ ለሩሲያ ክምችት አይደለም።