ባፈር ዞን ምንድን ነው? ወፍ እንቁላል ላይ ስትተኛ ምን ያህል እንራቅ?

ጅማ ቦዬ አካባቢ የተመላለሰ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ክረምቱ ገፋ ብሎ ሳሩ ሲረዝም ያቺ ራሷ ላይ ወርቃማ ዘውድ የመሰለ ላባ ያላት ባለ ረጅም እግር ወፍ ረግረጉ ውስጥ ትገባና ትሰወራለች፣ አንተ የጠፋች ላም ስትፈልግ ወይ ለፎቶ ብለህ ጠጋ ስትል ብድግ ትላለች፣ "ውይ አስደነገጥኳት፣ ትመለሳለች" ብለህ ታልፋለህ። እሷ እስክትመለስ ግን እንቁላሉ ተገልጦ ቀረ፣ ቁራ ደግሞ እንደሷ ሰው አይፈራም።

ባፈር ዞን ማለት በጎጆውና በሰው መሀል ሆን ተብሎ ባዶ የሚተው ቦታ ነው። ስፋቱን የምትወስነው ወፏ ናት፣ አንዳንዷ ቅርብ ድረስ ታስጠጋለች አንዳንዷ ገና ከሩቅ ትነሳለች፣ ስለዚህ ስንት ሜትር ላይ እንደምትነሳ ይታይና ትርፍ ይጨመርበታል፣ ምክንያቱም ሳትነሳም በፊት አንገቷን ቀጥ አድርጋ ስታይህ ተጨንቃለች።

የባህር ወፎች ላይ ነገሩ ይብሳል። ፓፊን የምትባለው በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ነው የምትጥለው፣ ያውም ጉድጓድ ውስጥ። ዌልስ ያለችው ስኮመር ደሴት መሬቷ ውስጡ በጉድጓድ የተሞላ ስለሆነ ከመንገድ የወጣ እግር ጣራውን ይደረምስባቸዋል፣ ለዛ ነው ጎብኚ በቁጥር የሚገባው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን አውስትራሊያ ያለው ፊሊፕ ደሴት ነው። ትንንሾቹ ፔንጉዊኖች እንቁላል የሚጥሉበት ጫፍ ላይ የመኖሪያ ሰፈር ተሰርቶ ነበር፣ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት መንግስት እ.ኤ.አ. በ1985 ቦታውን ከባለቤቶቹ እየገዛ ቤቶቹን ማንሳት ጀመረ፣ እስከ 2010 ድረስ ፈጀበት፣ 25 ዓመት! ጎብኚው ቀረ እንዴ? ዛሬም ማታ ማታ ፔንጉዊኖቹ ከባህር ሲወጡ ለማየት ይጎርፋል፣ ከመቀመጫው ሆኖ ያያል፣ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።

ነገ ቦዬ ዳር ሎጅ እንስራ የሚል ቢመጣ እኔ ደስ ነው የሚለኝ፣ ለሰፈሩ ልጆች ስራ ነው። ግን መጀመሪያ ጎጆዎቹ የት እንዳሉ ይቆጠር፣ ግንባታው ደረቁ በኩል ይሁን፣ ሳሩ ውስጥ ማንም አይግባ፣ እኛም ከዳር ከእንጨት ማማ ላይ ሆነን በባይኖክላር ጫጩቶቹ እናታቸውን ተከትለው ሲወጡ እናያለን።